ከሐምሌ ጭቃ እስከ ኅዳር አስፋልት፦ የሩጫ ዓመትዎን ከኩታበር ሆነው ሲያቅዱ

በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ከኩታበር፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሯጮች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፦ «ለታላቁ ሩጫ ሁለት ወር ቀረው፤ እደርሳለሁ?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም። በግንቦት በሳምንት አራት ቀን ይሮጥ የነበረ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ነው። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡን አይቶ ጫማውን ሰቀለ፤ ነሐሴም እንዲሁ አለፈ፤ መስከረም ላይ እንደ አዲስ ሊጀምር ነው። የባከነውን በስምንት ሳምንት ለማካካስ የሚጣደፍ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውድድሩ ሳይደርስ አገዳውን ወይም ጉልበቱን ይታመማል።

ይህ መመሪያ ለእነዚህ ሰዎች የተጻፈ ነው። ክለብ ያለው አትሌት አሰልጣኙ የሰጠው ፕሮግራም አለው። ሥራ ወይም ትምህርት ይዘው በዓመት ጥቂት ውድድር መሮጥ ለሚፈልጉ ለእርስዎ ግን ዕቅድዎ የሚጸናውም የሚፈርሰውም ክረምት ላይ ነው። ለክረምቱ ሰፊ ቦታ የሰጠሁትም ስለዚህ ነው።

1. ዓመቱን ከውድድሩ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የሚያስፈልግዎ የግድግዳ ካሌንደርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በኅዳር፣ እሑድ ቀን ይካሄዳል፤ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ቀኑ እንደታወቀ ያክብቡትና ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ውድድሩ ኅዳር 10 አካባቢ ቢውል፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ጳጉሜን ጨምሮ 135 ቀን፣ ማለትም 19 ሳምንት ያህል አለዎት። ከዚህ ውስጥ እስከ እንቁጣጣሽ ያለው 65 ቀን ነው። መስከረም ሲጠባ የሚጀምር ሰው የጊዜውን ግማሽ ያህል ጥሎ ነው የሚነሳው።

ቀጥሎ የማይሮጡባቸውን ሳምንታት ያቅልሙ፦ የፈተና ሳምንት፣ አዝመራ የሚሰበሰብበት ጊዜ፣ የጥር ሠርግ፣ ጾም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቅዱን ባዶ ካሌንደር ላይ ስለሚጽፍ ነው። ኑሮው ሲመጣበት ዕቅዱ ይፈርሳል፤ እሱም ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ሳምንቱን አስቀድሞ አለማየቱ ነው።

2. ሁለት ዋና ውድድር፣ ሦስት ወይም አራት መለማመጃ ይምረጡ

ከሁለት በላይ ዋና ውድድር አይያዙ። ሰውነት በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ሙሉ ኮንዲሽን ላይ እንዲደርስ መጠበቅ ሥራ ላለው ሰው ከባድ ነው። ለእኛ አካባቢ የሚመቸው ጥምረት የኅዳሩ ታላቁ ሩጫና አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት የሚካሄደው የሐዋሳ ግማሽ ማራቶን ነው። በመካከላቸው ለማገገምም፣ ወደ 21 ኪሎ ሜትር ለማደግም የሚበቃ ጊዜ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደሩ ሴቶች ደግሞ መጋቢት አካባቢ የሚካሄደውን 5 ኪሎ ሜትር የ«ቅድሚያ ለሴቶች» ሩጫ ዋና ግብ ቢያደርጉት እመክራለሁ። አምስት ኪሎ ሜትርን በደንብ የሮጠች ሴት አሥሩን ሳትፈራ ትጀምራለች።

መለማመጃ የሚሆኑዎት የእሑድ ማስ ስፖርት፣ የወረዳና የትምህርት ቤት ውድድሮች፣ ለበጎ አድራጎት የሚዘጋጁ የጎዳና ሩጫዎች ናቸው። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚነገሩት ቀኑ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ በየወሩ መጀመሪያ ወደ ወረዳዎ ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ብቅ ብለው ይጠይቁ። መለማመጃውን ለመለማመጃነቱ ይሩጡት፤ አቅምዎን ሁሉ አያፍሱበት። በሙሉ ኃይል ከሮጡት 10 ኪሎ ሜትር በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ከግማሽ ማራቶን በኋላ ሁለት ሳምንት ቀላል ሩጫ ብቻ ያስፈልጋል።

ገንዘቡንም አሁኑኑ ያስቡ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በአውቶቡስ ቀኑን ይፈጃል። የመመዝገቢያ፣ የትራንስፖርትና የሁለት ሌሊት አልጋ ወጪውን ከሰኔ ጀምረው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያስቀምጡ በጥቅምት አይጨነቁም። ምዝገባው እንደተከፈተ ይመዝገቡ፤ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ከፍሎ የተመዘገበ ሰው ደግሞ በነሐሴ ዝናብ ከአልጋው የሚነሳበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው።

3. መሬትዎን በየወቅቱ ይወቁት

እዚህ መኖር ለሯጭ ትልቅ ሀብት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ኩታበር ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአጭር የሚኒባስ ጉዞ ውስጥ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ያገኛሉ።

በኩታበርና በደሴ ቀላልና ረጅም ሩጫዎን ይሮጡ። በዚህ ከፍታ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ፍጥነትዎን በሰዓት አይለኩት። መለኪያው ወሬ ነው፦ አጠገብዎ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መነጋገር ካቃተዎት ለቀላል ልምምድ ፈጥነዋል። እኔ የማያቸው ጀማሪዎች ዋና ስሕተት ይህ ነው። ቀላሉን ቀን ስለሚያከብዱት ለከባዱ ቀን ጉልበት አይተርፋቸውም።

የፍጥነት ልምምድ ግን ኮምቦልቻ ይሻላል። አየሩ ሞቅ ይላል፣ ጡንቻ ቶሎ ይፍታታል፣ እግርም በፍጥነት መዞርን ይለምዳል። በበጋ ለረጅም ሩጫ ቦሩ ሜዳና የሐይቅ አካባቢ ምቹ ናቸው። ክረምት ላይ ግን ሜዳማ መሬት ውሃ ስለሚቋጥር ወደ ኮረኮንች መንገድ ይዙሩ፤ ኮረኮንች ውሃውን ያሳልፋል፣ ጉልበትንም እንደ አስፋልት አይጎዳም። የጦሳን ተራራ በጠራ ሰማይ እየተራመዱና እየሮጡ መውጣት ለእግር ትልቅ ጉልበት ይሰጣል፤ ጉም ሲወርድበት ግን አይሞክሩት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርደውን አስፋልት አይሩጡበት። ቁልቁለቱ ጭንን ለሳምንት ያሳምማል፤ ከባድ መኪና በየመታጠፊያው ይመጣል፤ በክረምት ጉም ደግሞ ሾፌሩ እርስዎን ላያይ ይችላል። ወደማያውቁት መንገድ ከመውጣትዎ በፊትም የአካባቢውን ሰው ስለ ሁኔታው ይጠይቁ፤ መታወቂያዎ ከኪስዎ አይለይ።

4. ለጭቃው ይዘጋጁ

ሁለት ጥንድ ጫማ ያስፈልግዎታል። ውድ መሆን የለባቸውም። ከሳልባጅ ሲገዙ ጫማውን ገልብጠው ሶሉን ይዩ፦ ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ ከሆነ ይተዉት፤ የሌላ ሰው አረማመድ ተቀርጾበታልና የእርስዎን ጉልበት ያጣምማል። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ሶሉን ይጫኑት፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ሞቷል። ጥርሱ ጎላ ያለውን ለክረምት ጭቃ፣ ለስላሳውን ለአስፋልት ይመድቡት።

የረጠበ ጫማ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ብዙ ጫማ ያበላሸ ልማድ ነው። ማስቲሹ ይለቃል፣ ሶሉ ይደርቃል። ይልቅ ጭቃውን በውሃ ያራግፉ፣ የውስጥ ሶሉን ያውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ይሙሉት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እርጥቡን ጋዜጣ በደረቅ ይለውጡት። በማግስቱ ሌላኛውን ጥንድ ስለሚያደርጉ ይህኛው ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል። ሁለት ጥንድ ያልኩት ለዚህ ነው።

ወፍራም የጥጥ ቱታ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። ቀጭን ሹራብ ላይ ቀለል ያለ ጃኬት ይበቃል። ከፊቱ ጥላ ያለው ኮፍያ ዝናቡን ከዓይን ይከላከላል። በእግር ጣቶችዎ መካከል ቫዝሊን ይቀቡ። ደረቅ ልብስ በፌስታል ቋጥረው መጨረሻው ቦታ ያስቀምጡ፤ ሩጫው እንዳለቀ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይቀይሩ። ብርድ የሚይዘው ሲሮጡ ሳይሆን በእርጥብ ልብስ ቆመው ሲያወሩ ነው።

5. የክረምቱን ሳምንት በአራት ቀን ይሥሩ

በክረምት በደጋው ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋትን ይያዙ። በሐምሌ ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ትወጣለች፤ የሚረግጡትን መሬት ማየት ሲችሉ ይውጡ። ከዚያ በፊት ጅብ አለ፣ የተለቀቀ ውሻ አለ፣ ውሃ የሞላው ጉድጓድም አይታይም።

ማክሰኞ 40 ደቂቃ ቀላል ሩጫ። ሐሙስ ዳገት፦ 15 ደቂቃ ሰውነትዎን ካሟሟቁ በኋላ ኮረኮንች ዳገት ላይ ለ45 ሰከንድ ሽቅብ ይሩጡ፣ እየተራመዱ ይውረዱ፤ በስድስት ጊዜ ይጀምሩና በነሐሴ መጨረሻ አሥር ያድርሱት። ዳገት በክረምት የሚመረጠው ፍጥነት ሳይጠይቅ ጉልበት ስለሚገነባ ነው፤ ቀስ ብለው ስለሚሮጡ የመንሸራተት አደጋውም ይቀንሳል። ቅዳሜ 30 ደቂቃ በጣም ቀላል።

እሑድ ረጅሙ ሩጫ ነው። በ50 ደቂቃ ይጀምሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት 55፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው ወደ 45 ይመለሱ። ቀጥሎ 65፣ 70፣ 75፣ ከዚያ 55፤ ጳጉሜን ሲደርስ 80። በየአራተኛው ሳምንት መቀነሱን አይዝለሉት። ሰውነት የሚጠነክረው ልምምዱን ባረፈበት ጊዜ ሲያዋህደው ነው። ኪሎ ሜትር ሳይሆን ደቂቃ የቆጠርኩትም ሆን ብዬ ነው፤ በጭቃ ላይ የተሮጠ ስምንት ኪሎ ሜትር በአስፋልት ላይ ከተሮጠው ጋር አንድ አይደለም።

ነጎድጓድ ከሰሙ ልምምዱን ያቁሙ። ከጋራ ጫፍና ከብቸኛ ዛፍ ሥር ርቀው ቤት ውስጥ ይግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። የሞላ ወንዝ አይሻገሩ፤ እርስዎ ያሉበት ባይዘንብም ከላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ለቀናት ሲዘንብ ከከረመ መሬት ሊንሸራተት ስለሚችል በተቆረጠ ተራራ ሥር የሚያልፍ መንገድ ይለውጡ። እንደዚህ ላሉ ቀናት የቤት ውስጥ ልምምድ ያዘጋጁ፦ ገመድ ዝላይ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት መነሳትና መውረድ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ እንደ አንድ ልምምድም ይቆጠራል።

6. ፍላጎትዎን ለዕድል አይተዉ

ዝናብ ጣራውን ሲመታ ጋቢ ውስጥ ሆኖ «ዛሬ ልውጣ ወይስ ልተኛ» ብሎ የሚማከር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ስለዚህ ውሳኔው ከማታ በፊት ያለቀ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ሰው ያግኙ። አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። የአገራችን ሯጮች እግር መከተል የሚሉት ነገር አለ፤ ከፊት ያለው ይመራል፣ የኋለኛው እግሩን እያየ እርምጃውን ያስተካክላል። በጭቃ ላይ ይህ እጥፍ ይጠቅማል፦ ከፊት ያለው የጸናውን መሬት ያሳይዎታል፣ እርስዎም ስለ ፍጥነት ማሰብ ይቀርልዎታል። መሪነቱን በየቀኑ ይቀያየሩ። ቀጠሮው ቦታና ሰዓት ያለው ይሁን፤ ጠዋት ላይ መደወል ይከልከል። ስልክ ከተፈቀደ የመጀመሪያው ጥሪ «እየዘነበ ነው፣ እንተወው?» የሚል ነው የሚሆነው።

ሁለተኛ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ለመሮጥ ይውጡ። ጫማዎን አስረው አሥር ደቂቃ ሮጠው አሁንም ከደከመዎት ያለ ጸጸት ይመለሱ። የሚመለሱበት ቀን ጥቂት ነው። ከተመለሱ ደግሞ ሰውነትዎ ዕረፍት ጠይቆ ነበርና ትክክል አድርገዋል።

ሦስተኛ፣ ለክረምቱ የተለየ ግብ ይኑርዎት። በዘጠኝ ሳምንት አራት አራት ቀን 36 ልምምድ ይሆናል። ግብዎ ከ36ቱ 30ውን መፈጸም ይሁን። ስድስቱ ለሕመም፣ ለለቅሶ፣ ለዶፍ የተተዉ ናቸው። እኔ አንድ ዓመት በሳምንት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ካልሮጥኩ ብዬ ከራሴ ጋር ተማምዬ ነበር። በነሐሴ አንድ ሳምንት ሲጎድል ሁሉንም ተውኩት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጫማ አላደረግሁም። ቀን መቁጠር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። አንድ ቀን ሲያመልጠኝ ሌላው እንዳለ አውቃለሁና።

አራተኛ፣ ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ የአየሩን ሁኔታና ስሜትዎን በአንድ መስመር ይጻፉ። በጥቅምት እግርዎ ሲከብድ «ነሐሴ 14፣ ዝናብ፣ 70 ደቂቃ» የሚለውን ማንበብ ማንም ሊሰጥዎ የማይችል ብርታት ይሰጣል።

ከእሑዱ ሩጫ በኋላ ደግሞ በተራ በአንዳችሁ ቤት ቡና ይፈላ። አቦሉ እስኪቀርብ እግራችሁን ታፍታታላችሁ። ብዙ ሰው ለሩጫው ሳይሆን ለቡናው ብሎ ሲነሳ አይቻለሁ፤ እግሩ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ስንፍናን ከሕመም ይለዩ። ጠዋት ሲነሱ የልብ ምትዎ ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎዎት፣ ቀላሉ ሩጫ ለተከታታይ ቀናት ከከበደዎት ሦስት ቀን ይረፉ። ኮምቦልቻና ዝቅ ባሉ ቦታዎች ከክረምት መውጫ ጀምሮ ትኩሳትና ቁርጥማት ከተሰማዎት የወባ ምርመራ ያድርጉ፤ «ልምምድ ነው ያደከመኝ» ብለው አይለፉት።

ዝናቡ ብቻ ከሆነ ያስቸገረዎት ደግሞ ይህን ያስታውሱ። ከኩታበር ወደ ምዕራብ ተንታ አለች፤ የሶፊያ አሰፋ አገር። ሶፊያ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል የለንደን ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው ሐምሌ 30 ቀን 2004 ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ለትልቅ ውድድር የሚዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

7. ጾምንና ምግብን ከዕቅዱ ጋር ያስማሙ

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ክረምቱ መካከል ላይ ይገባል። የሚጾሙ ከሆነ የዳገቱን ቀን በቀላል ሩጫ ይተኩ፤ እሑዱንም አያርዝሙ። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም በየዓመቱ አዲስ ምልክት ያድርጉ። በእነዚህ ዓመታት በየካቲትና በጥር ዙሪያ ስለሚውል ከሐዋሳው ውድድር ዝግጅት ጋር ይገናኛል። የሚጾም ሰው ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት 30 ወይም 40 ደቂቃ ቀስ ብሎ ቢሮጥ ወዲያው ውሃና ምግብ ያገኛል። ሐዋሳን ትቶ የሚያዝያ ወይም የግንቦት ውድድር ዋና ግቡ ማድረግም ሙሉ በሙሉ ተገቢ ውሳኔ ነው። በወሎ የሩጫ ጓደኛዎ በሌላው ጾም ወቅት የሚጾም ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ጾም እርስዎ ቀስ ይበሉለት፣ በእርስዎ ጾም እሱ።

ምግብ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ከረጅም ሩጫ በፊት በሶ፣ ከሩጫ በኋላ ምስር፣ ጎመንና እንጀራ። ምስሩ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፤ ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስዳል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያግዱ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ያርቋቸው። የእሑዱ ቡና ከቁርስ ጋር ባይደራረብ ጥሩ ነው።

8. ከመስከረም እስከ ኅዳር ፍጥነት ይጨምሩ

አሁን መሠረቱ አለ። በመስከረም የሐሙሱን ዳገት በሦስት ጊዜ ስምንት ደቂቃ ጠንከር ያለ ሩጫ ይተኩ፤ በመካከል ሦስት ደቂቃ ቀስ ብለው ይሩጡ። በጥቅምት በየሁለት ሳምንቱ ኮምቦልቻ ወርደው አምስት ጊዜ 1 ኪሎ ሜትር ለውድድሩ ባሰቡት ፍጥነት ይሩጡ። አምስተኛውን ከመጀመሪያው ቀርፋፋ ካደረጉት የመረጡት ፍጥነት የእርስዎ አይደለም፤ ያውርዱት። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ልምምዱን በግማሽ ይቀንሱ። የቀረብዎትን ለመተካት አይሞክሩ፤ በእነዚያ ቀናት የሚጨመር ልምምድ የሚሰጥዎ ድካም ብቻ ነው።

9. ጉዞና የውድድር ቀን

ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት በአውቶቡስ ከሆነ ዓርብ ይድረሱ። ቅዳሜ ለእግር ዕረፍት ትሁን፤ ገበያ እየዞሩ አይዋሉ። አዲስ ጫማ አያድርጉ። በውድድሩ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ስለሚሳተፍ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር መንገዱ ይጣበባል፤ ሰው ለማለፍ ግራና ቀኝ አይዝለሉ፣ ጉልበትዎን ይጨርሳሉ፣ ሰውም ይጥላሉ። አዲስ አበባ ከደሴ ጥቂት ዝቅ ብትልም ዳገቷ ቀላል አይደለም። የክረምቱ ሐሙስ የሚከፍልዎ እዚያ ዳገት ላይ ነው።

10. ከኅዳር በኋላ

አሥር ቀን ያህል ይረፉ። ከዚያ ሌላው ብርድ፣ ውርጩ ይጠብቅዎታል። በጥር ፀሐይ ከሐምሌው ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይታ ስለምትወጣ እርስዎም ይዘግዩ፤ ጓንትና ሁለት ስስ ሹራብ ይልበሱ። ለሐዋሳ ረጅሙን ሩጫ ቀስ በቀስ ወደ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያድርሱት። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ትሞቃለች፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት እሑድ ረፈድ ሲል ኮምቦልቻ ላይ ይሩጡ። በልግ በየካቲት ሊጀምር ስለሚችል የጭቃ ጫማዎን አይጣሉ።

ሚያዝያ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሩጫ ያቁሙ፤ በግንቦት እንደ ልብዎ ይሩጡ። በሰኔ በሳምንት ሦስት ቀን 30 ደቂቃ ይበቃል። ሐምሌ 1 ጠዋት ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው በር ላይ እንደሚገናኙ ግን ዛሬውኑ ይወስኑና ለዚያ ሰው ይንገሩት።